አልጋው ዳር ማን አለ?

(የዓለም የነርሶች ቀንን ምክንያት በማድረግ ግንቦት 4 ቀን ባሕር ዳር ላይ ለነርሶች፣ ለነርስ ተማሪዎችና ለጤና ተቋማት ኃላፊዎች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ)

እንደምን ዋላችሁ። ተማሪዎች፣ እባካችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ። እኔ የዋርድ ሰው ነኝ፤ ከሠላሳ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ሕሙማን እንዳይነቁ ዝግ ብዬ ሳወራ ኖሬያለሁ፤ ማይክሮፎኑም ቢሆን ብዙ አይረዳኝም።

ሻማችንን አብርተናል፤ ቃለ መሐላውንም አብረን ደግመናል። አሁን ደግሞ ስለ አንድ ወረቀት ላወራችሁ ነው። በየነርስ ስቴሽኑ ግድግዳ ላይ በፕላስተር የሚለጠፈው፣ በየወሩ የሚቀየረው፣ ስንቶቻችንን ያስለቀሰና ያጣላ ወረቀት፤ ስኬጁል። በላዩ የማን ስም እንዳለ ሁላችንም እናያለን፤ ልደት ያለበት፣ ለቅሶ ያለበት፣ ፈተና ያለበት ተራ ይቀያየራል። ያንን ወረቀት ግን ከሕሙማኑ ቁጥር ጋር አስተያይቶ የሚያሰላው ጥቂት ሰው ነው። እስቲ ዛሬ አብረን እናስላው።

ሠላሳ አልጋ ያለው አንድ የውስጥ ደዌ ክፍል እንውሰድ። «ስንት ነርስ አላችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አሥራ ሁለት» ይላል። ለሪፖርት ደህና ቁጥር ነው፤ ለሠላሳ ሰው አሥራ ሁለት ነርስ! አሁን ከላዩ እንቀንስ። አንዷ ወልዳለች፤ የወሊድ ፈቃዷ 120 ቀን ነው፤ ይገባታልም። አንዱ የዓመት ፈቃድ ላይ ነው። አንዷ ሥልጠና ሄዳለች። ዘጠኝ ቀሩ። ከዘጠኙ አንዷ የክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ቀን ቀን መድኃኒት ስትጠይቅ፣ ሪፖርት ስትሞላ፣ ስብሰባ ስትገባ ትውላለች። ስምንት ቀሩ። ስምንቱ እያንዳንዳቸው በሳምንት አምስት ፈረቃ ቢሠሩ አርባ ፈረቃ ነው። ሳምንቱ ግን ሰባት ቀን ሲሆን በቀን ሦስት ፈረቃ አለ፤ ሃያ አንድ። አርባን ለሃያ አንድ አካፍሉት፤ ሁለት እንኳ አይሞላም። ቀን ላይ ሥራ ይበዛል ብለን ለቀን ሦስት ስንመድብ ለሌሊቱ የሚተርፈው አንድ ነው።

በሪፖርት አሥራ ሁለት የተባለው ነርስ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ አልጋ ዳር ስትፈልጉት አንድ ነው። ሠላሳ ሕመምተኛ፣ አንድ ነርስ።

ያቺ አንዷ ነርስ ሌሊቱን እንዴት እንደምታሳልፈው ደግሞ በደቂቃ እንቁጠር። ደም ግፊት፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ኦክስጅን ለክታ እስክትጽፍ ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ስጧት። ለሠላሳ ሰው አንድ ዙር 150 ደቂቃ። ሃያዎቹ በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ አላቸው እንበል፤ በጥብጣ፣ ደም ሥር ውስጥ የገባችውን ቀጭን ቱቦ፣ ካኑላውን፣ አይታ፣ ቀስ ብላ ልትሰጥ ሌላ አምስት አምስት ደቂቃ፤ 100 ደቂቃ። መገላበጥ የማይችሉ አራት ሰዎች አሉ እንበል፤ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ አንሶላ ማስተካከል፣ የረጠበውን መቀየር ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ፣ በሌሊት አራት ጊዜ፤ 160 ደቂቃ። ድምሩ 410 ደቂቃ ነው። የስምንት ሰዓት ፈረቃ 480 ደቂቃ ነው። ለሠላሳ ቻርት መጻፊያ፣ ከድንገተኛ ክፍል ለሚመጣ አዲስ ሕመምተኛ፣ ለሚያንቀጠቅጠው፣ ለሚያስመልሰው፣ ትንፋሽ ላጠረው፣ ለሽንት ቤቷ፣ ለአንድ ሲኒ ሻይ የቀራት ሰባ ደቂቃ ነው።

ስለዚህ የሆነ ነገር ይቀራል። ምን እንደሚቀር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መርፌው አይቀርም፤ መርፌ ካልተሰጠ ጠዋት ሐኪሙ ይጠይቃል፤ ቻርቱ ላይ ክፍት ቦታ አለው። የሚቀረው ማገላበጡ ነው። አፍ ማጽዳቱ ነው። ፊት ማጠቡ ነው። መዋጥ ለሚቸግረው ሰው አጥሚት በማንኪያ ማጉረሱ ነው። «አባቴ፣ ዛሬ እንዴት አደሩ?» ብሎ መልሱን ቆሞ መስማቱ ነው። በዓለም ዙሪያ ሳይሠራ የቀረ የነርስ ሥራን ያጠኑ ሰዎችም ያገኙት ይህንኑ ነው፤ ሰው ሲያንስ በመጀመሪያ የሚወድቀው የአልጋ ዳር ሥራ ነው።

እኛ ጋ ግን ያ ሥራ መሬት አይወድቅም። አስታማሚ ያነሳዋል።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። የት ሆስፒታል እንደሆነ መናገሩ አያስፈልግም፤ የትም ሊሆን ይችል ነበር። ጣና ላይ ካለው ደቅ ደሴት በጀልባ የመጡ አንድ አባት ነበሩ፤ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ ንግግራቸው ተይዟል። አስታማሚያቸው ልጃቸው ናት፤ ሃያ ምናምን ዓመቷ ቢሆን ነው። የዚያን ሌሊት ተረኛዋ እኔ ብቻ ነበርኩ። ምሽት ላይ አንድ ጊዜ አብረን አገላበጥናቸው፤ እጇን ከትከሻቸውና ከዳሌያቸው ሥር አስገብታ እንዴት እንደምትስባቸው፣ ትራሱን ከጀርባቸው እንዴት እንደምትወትፍ፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ እንዴት እንደምታነሳው አሳየኋት። «በየሁለት ሰዓቱ እንዲህ አድርጊ፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ» ብያት ሄድኩ። ሌላ ሃያ ዘጠኝ ሰው ነበረኝ።

ጠዋት ርክክብ ላይ ከኔ የምትረከበው ነርስ «እኚህ አባት መቼ መቼ ተገላበጡ? በየትኛው ጎን?» አለችኝ። ቻርቱ ላይ ያለው የምሽቷ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው። ልጅቷ ሰማችን። ጽሕፈት አታውቅም። ዝም ብላ ነጠላዋን ዘረጋችልን። ወደ ግራ ባዞረቻቸው ቁጥር በነጠላዋ ግራ ጫፍ ያለውን ዘርፍ አንድ ቋጥራለች፤ ወደ ቀኝ ባዞረቻቸው ቁጥር በቀኙ ጫፍ። በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሁለት። ሰዓቱን የምትጠይቀው የጎረቤት አልጋ አስታማሚዋን ነበር። «ሲስተርዬ፣ እንዳይምታታብኝ ብዬ ነው» አለችኝ፤ ጥፋት የሠራች ይመስል እየተሽኮረመመች። እኛም የዚያን ሌሊት የነርስ መዝገብ ከነጠላ ላይ አንብበን ቻርት ላይ ገለበጥነው።

ይህቺ ልጅ በአራተኛው ቀን ወደ ደቅ ተመለሰች። ሁለት ሕፃናት ጥላ ነው የመጣችው። የመጣው ወንድሟ ደግ ልጅ ነበር፤ ግን እንዴት እንደሚያገላብጥ ማንም አላሳየውም፤ እኔም ዕረፍት ላይ ነበርኩ። ስመለስ አባትየው ወገባቸው ሥር መዳፍ የሚያህል ቁስል ወጥቶባቸው አገኘሁ። የአልጋ ቁስል አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ላዩ ትንሽ፣ ውስጡ ዋሻ። ለሌላ ሕመም ገብተው በዚያ ቁስል ምክንያት ሁለት ወር ተኙ። ያንን ቁስል ያመጣው የመድኃኒት እጥረት አልነበረም። የመሣሪያም አልነበረም። በየሁለት ሰዓቱ ሰው የሚያገላብጥ እጅ ነው የጠፋው፤ የዚያ እጅ ባለቤት ማን እንደሆነ ደግሞ የትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ይኸው ነው። የነርስ ቁጥር አነሰ እንላለን፤ አዎ፣ አንሷል። ከቁጥሩ ሥር ግን አንድ ሌላ ነገር አለ፤ የአልጋ ዳር ሥራ ባለቤት አጥቷል። ባለቤቱ የነበረውን ሰው ቀስ በቀስ ስሙን ቀየርነው፣ ደረጃውን ቀየርነው፣ ወደ ሌላ ሥራ አዛወርነው፤ ሥራውን ግን ለማንም አላስረከብንም።

ያ ሰው ማን ነበር? በዕድሜ ጠና ያላችሁት ታስታውሳላችሁ፤ ድሬሰር (ቁስል አጣቢ) ነበር፤ ጤና ረዳት ነበር። እኔን ሥራ ያስተማረኝ ሰው ጤና ረዳት ነበር። ጋሼ እንለው ነበር፤ ዲፕሎማ የያዝነውን ልጆች «እናንተ የተማራችሁ» እያለ ያከብረን ነበር፤ እኛ ግን ሌሊት ሲቸግረን የምንሮጠው ወደ እሱ ነው። ሕመምተኛውን ከአልጋው ሳያነሳ አንሶላ ሲቀይር ማየት ደስ ይል ነበር። የቆሸሸውን ጠቅልሎ ከጀርባቸው ሥር ያስጠጋዋል፤ ንጹሑን ከጎኑ እስከ ግማሽ ይዘረጋዋል፤ ሰውየውን በጉብታው ላይ አንዴ ብቻ ያንከባልላል፤ አለቀ። ቁስል ከመፍታቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ያሸታል። «ይሄ ነገ ትኩሳት ያመጣል» ይላል፤ ነገ ትኩሳቱ ይመጣል። ሐኪሞቹም ይህንን ያውቁ ነበር፤ ዙር ላይ እሱን ሳይጠይቁ አያልፉም።

ሥራን እንዲህ ለይቶ ለባለቤቱ መስጠት በኛ አካባቢ ታሪክ አለው። ከጣና ሰሜን፣ ደምቢያ ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1953 የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ወደ ሰባት ሺህ የሚጠጋ ሰው ፈጅቷል። በቀጣዩ ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የተነሳበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያ በአንድነት ያሠለጥን ነበር፤ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ)። ሦስቱ አብረው ተምረው፣ አብረው ገጠር ወጥተው፣ እንደ አንድ ቡድን እንዲሠሩ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የዚያ አሠራር ብልህነት ነው። «ስንት ሰው ይበቃል?» ከማለታቸው በፊት «ምን ሥራ አለ? ማን ይሥራው?» ብለው ጠይቀዋል። ውኃውን የሚያይ፣ እናቲቱን የሚያይ፣ ሕመሙን የሚያይ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተቀየረ። የጤና ረዳት ሥልጠና ቆመ። ጁኒየር ነርስ መጣ፤ ዲፕሎማ መጣ፤ ከዚያ ደረጃ 4 ተባለና ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና የሚፈተኑበት ሆነ። ዲግሪው በረከተ፤ ከደረጃ 4 ወደ ዲግሪ የሚያድገው በረከተ፤ አሁን ማስተርስ ያላቸው የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን ነርሶች፣ የጨቅላ ሕፃናት ነርሶች፣ የቀዶ ሕክምና ነርሶች አሉን። ይህ በጣም ያስደስተኛል፤ ስጀምር ያልነበረ ነገር ነው። በዚህ ከተማ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ብቻውን ሲሸከም የኖረውን፣ ከአሥር ዓመት በፊት ያልነበረው ጥበበ ጊዮን ሲጋራው አይተናል። የባለሙያው ዕውቀት አድጓል፤ ማንም አይክደውም።

ችግሩ ዋርድ ውስጥ ስትገቡ ነው። ደረጃ 4 ነርሷም ዲግሪ ነርሱም አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ። ስኬጁሉ ላይ አይለያዩም። ዲግሪ ያለው «እኔ ለዚህ ነው የተማርኩት?» ይላል፤ ደረጃ 4 ያላት «እኩል እየሠራሁ ለምን ደመወዜ ያንሳል?» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም ደግሞ ከማገላበጡና ከማጠቡ ቀስ ብለው ይሸሻሉ፤ ምክንያቱም በሁለቱም የሥራ መዘርዝር ላይ ያ ሥራ ክብር ያለው ሥራ ሆኖ አልተጻፈም። ደረጃ 4ቷ ደግሞ የምታስበው አንድ ነገር ነው፤ መማርና ከዚያ መውጣት። አልፈርድባትም። እኔም አድርጌዋለሁ።

ውጭ አገር ይህ ጉዳይ እንዴት እንደተያዘ ማየቱ ይጠቅማል፤ ለማድነቅ ብዬ አይደለም፣ ከተሳሳቱትም ለመማር ነው። ብዙዎቻችን ዲሲና አካባቢዋ «ኤልፒኤን» ሆና የምትሠራ እህት ወይም የአክስት ልጅ አለን። ያቺ ፕራክቲካል ነርስ ናት። አንድ ዓመት ገደማ ትማራለች፤ የራሷ የፈቃድ ፈተና አላት፤ የምትሠራውና የማትሠራው በሕግ ተለይቷል፤ ከበላይዋ የተመዘገበች ነርስ አለች። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1999 ሕግ አውጥታ ከ2004 ጀምሮ የነርስና የሕመምተኛ ጥምርታን በቁጥር አሰረች፤ ዛሬ በተራ የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ክፍል ለአንድ ነርስ ከአምስት ሕመምተኛ አይበልጥም፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሁለት አይበልጥም። እዚያ ሕግ ውስጥ የሚገርመኝ ሌላ አንቀጽ አለ። ፕራክቲካል ነርሶች ከጥምርታው ይቆጠራሉ፤ ግን ከክፍሉ ነርሶች ከግማሽ በላይ መሆን አይችሉም። ቁጥሩንም፣ ስብጥሩንም አንድ ላይ አሰሩት።

እንግሊዞች ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ነርስ ነበራቸው። «ሁሉም በኮሌጅ ደረጃ ይማር» ብለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥልጠናውን አቆሙት። ከሁለት አሥርት ዓመት በላይ ቆይተው አልጋ ዳር ክፍተት መኖሩን አዩና ሌላ ስም ሰጥተው መልሰው አመጡት፤ አዲሶቹ ረዳት ነርሶች ከጥር 2019 ጀምሮ በመዝገብ እየገቡ ነው። ፊንላንድ ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያዎች አብዛኛውን እንክብካቤ የሚሠሩት ፕራክቲካል ነርሶች ናቸው፤ ለአንድ አረጋዊ 0.7 ሠራተኛ ይኑር ብለው ሕግ አውጥተው ነበር፤ ሰውና ገንዘብ ሲያጥር ግን እዚያ ሳይደርሱ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ዝቅተኛውን መጠን ወደ 0.6 አወረዱት። ሀብታም አገርም ቁጥሩን ጽፎ ማስጠበቅ ይቸግረዋል ማለት ነው።

ጥናቶቹም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የፔንሲልቬንያ ሆስፒታሎች ጥናት፣ በአንድ ነርስ ላይ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረ ቁጥር በቀዶ ሕክምና ሕሙማን ላይ በሠላሳ ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ እንደሚጨምር አሳየ። በ2014 የወጣው የዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች ጥናትም ያንኑ ደገመው፤ በዚያ ላይ ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ሲያድግ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ እንደሚቀንስ ጨመረበት። ከዚያ በኋላ የተሠራ የስድስት አገሮች ጥናት ደግሞ ለኃላፊዎች ላነበው የምፈልገው ነው፤ ለሃያ አምስት ሕመምተኛ አንድ ነርስ ተነሥቶ በምትኩ አንድ ረዳት ሲተካ የመሞት ዕድል 21 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ይህንን የምነግራችሁ የራሴን ሐሳብ ከአላግባብ አጠቃቀም ለመጠበቅ ነው። ዛሬ «የአልጋ ዳር ሥራ ባለቤት ይኑረው፤ ደረጃ 4 ነርስን እናክብራት» ስል፣ ነገ አንድ ሰው ተነሥቶ «እንግዲያው ርካሿን ቀጥረን ውዱን እንተው» እንዲል አልፈልግም። ደረጃ 4ቷ በዲግሪ ነርሱ ቦታ አትገባም። አጠገቡ ነው የምትቆመው። እሷ ከሌለች እሱ ያለ ዓይን ይሠራል፤ እሱ ከሌለ እሷ ያየችውን የሚፈታላት የለም።

እዚሁ አገራችን ይህንን በትክክል የሠራንበት ምሳሌ አለን። በ1996 ዓ.ም ገደማ የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር የብዙዎቻችን ፊት ጠቁሮ ነበር። «በአንድ ዓመት ሥልጠና ምን ይሆናል?» እንል ነበር። በየጤና ኬላው ሁለት ሁለት ልጆች ገቡ። ሥራቸው መከላከል ብቻ ሆኖ ጀመረ። ከዚያ በሥልጠናና በክትትል እየታገዙ ወባን መርምረው ማከም፣ ክንድ ሥር የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ማስገባት፣ የሕፃናትን የሳንባ ምች ማከም ጀመሩ። ሥራው ሲሰፋ ሥልጠናው ተጨመረ፤ ደረጃው ከፍ አለ። ሸክማቸው በዝቶ እንደሚያማርሩ አውቃለሁ፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን «ይህ ሥራ የእናንተ ነው» ተብሎ በግልጽ ተነግሯቸዋል። ዋርድ ውስጥ ያለችውን ደረጃ 4 እህታችንን እንዲህ ብለን አናውቅም።

ምን ይሁን ታዲያ? እኔ ከዋርድ የሚጀመረውን ነው የምናገረው፤ በጀቱን ኃላፊዎች ያውቁታል።

መጀመሪያ ቁጥሩን በየፈረቃው እንጻፍ። «አሥራ ሁለት ነርስ አለን» የሚለውን እንተወውና፣ ነርስ ስቴሽኑ ፊት ለፊት ባለው ነጭ ሰሌዳ ላይ በየፈረቃው እንጻፍ፤ ሕመምተኛ ይህን ያህል፣ ነርስ ይህን ያህል፣ መገላበጥ የማይችል ይህን ያህል። ከአልጋው ቁጥር ሳይሆን ከተኛው ሰው ቁጥር ጋር። ከመስከረም እስከ ኅዳር በወባ ወቅት ከፎገራ፣ ከደምቢያ፣ ከሐይቁ ዳር የሚመጣውን ሰው ታውቃላችሁ፤ ሠላሳ አልጋ ያለው ክፍል መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ አርባ አምስት ሰው ያስተኛል። ወረቀቱ ግን አሁንም ሠላሳ ይላል። ሰሌዳው እውነቱን ከያዘ ሜትሮኗ (የሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊ) ከሌላ ክፍል ሰው ለማዛወር መነሻ ይኖራታል፤ ሥራ አስኪያጁም ሲጠየቅ የሚያሳየው ይኖረዋል። ወጪው አንድ ማርከር ነው።

ከዚያ የአልጋ ዳር ሥራ ለደረጃ 4 ነርሷ በስሟ ይሰጥ። ስድስት ወይም ስምንት ሕመምተኛ የእሷ ይሁኑ። ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ መመገብ፣ መለካት፣ መመዝገብ። ዝቅ ያለ ሥራ አድርጋችሁ አትስሙት። ደም ግፊት ከመውረዱ በፊት የሰው ፊት ይለወጣል፤ ትንፋሽ ከመቆሙ በፊት ይፈጥናል። ያንን የሚያየው እዚያው አጠገቡ የዋለ ሰው ነው። ስለዚህ ሥልጣንም ይሰጣት፤ ትንፋሹ ከዚህ ካለፈ፣ ኦክስጅኑ ከዚህ ከወረደ ማንንም ሳታስፈቅድ ተረኛ ሐኪሙን ትጥራ። ሐኪሙ ቢቆጣት ዲግሪ ነርሱ ከጎኗ ይቁም። ይህንን የምለው በልምድ ነው፤ ጠርታ ስለተሰደበች በሌላ ቀን ሳትጠራ የቀረች ነርስ አውቃለሁ። የዚያን ቀን የሆነውን እዚህ አልናገረውም።

ዲግሪ ነርሱ ደግሞ ከዚያ በላይ ያለውን ይያዝ። የከበደውን ለይቶ ሰው መመደብ፣ የነርሲንግ ፕሮሰሱን፣ ማለትም የእንክብካቤ ዕቅዱን፣ ለቁጥጥር ሲባል ሳይሆን ሰውየውን አይቶ መጻፍ፣ ከባድ መድኃኒቶችን መከታተል፣ ጀማሪውን ማስተማር። ሁለት ደመወዝ ካለ ሁለት ሥራ ይኑር። ያኔ ቅሬታውም ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

አስታማሚንስ? እናባርረው ማለቴ አይደለም። ሰው በኛ አገር ያለ ዘመድ አይታመምም፤ የሚያጎርሰው ሰው አጠገቡ ሲኖር ሕመምተኛ ይድናል፤ ዓይኔ አይቶታል። ግን እንደ ሠራተኛ አንቁጠረው። ለስኬጁላችን ቀዳዳ መድፈኛ አናድርገው። ሲገባ አሥር ደቂቃ ሰጥተን እናሳየው፤ እጅ መታጠብ፣ ማገላበጥ፣ ምን ሲያይ ነርስ መጥራት እንዳለበት። ሲቀያየሩ ለአዲሱም እናሳየው። የደቁ አባት ቁስል የመጣው በዚያች ቅብብል ላይ ነው፤ እኛ እርስ በርስ በየፈረቃው እንረካከባለን፤ እህትና ወንድም ግን ሲቀያየሩ የሚያረካክባቸው አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሳላነሳው ብሄድ ይቆጨኛል። እዚህ አዳራሽ ስመጣ ያሳፈረኝ የባጃጅ ሹፌር ዲፕሎማ ነርስ ነው። ሲኦሲውን አልፏል። ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጓል። በመንገዳችን ስለ ኦክስጅን ማጠናከሪያ መሣሪያ አጠቃቀም እየጠየቀኝ ነበር የመጣው፤ እንዳይረሳ ብሎ። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ወደ 5.8 ሚሊዮን ነርስ ይጎድላል ይላል፤ በኛ ከተማ ደግሞ አንድ ነርስ ለሠላሳ ሰው ያድራል፤ ሌላው ነርስ ባጃጅ ይነዳል። ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ መደብ ጠፍቶ ነው። በጀት የምትመድቡ እዚህ አላችሁ። ሕንፃ ስትሠሩ፣ አልጋ ስትጨምሩ፣ በእያንዳንዱ አዲስ አልጋ ስንት ፈረቃ እንደሚጨምር አስሉልን። ለአንድ ነርስ ስድስት ሕመምተኛ እንዲሆን ያ ሠላሳ አልጋ በሳምንት 105 ፈረቃ ይፈልጋል። ፈቃድ የሚወጣ ሰው እንኳ ባይኖር ሃያ አንድ ነርስ ነው፤ ፈቃድና ሕመም ሲታሰብ ወደ ሃያ አምስት ይጠጋል። አሥራ ሁለት አይደለም።

ንግግሬን ከጨረስኩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱን እዚህ ልጻፈው። አንዲት የደረጃ 4 ተማሪ ተነሥታ፣ «ሲስተር፣ እንግዲህ እኔ ዲግሪ ልማር ወይስ አልጋ ዳር ልቅር?» አለችኝ። አዳራሹ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ዲግሪውን ተማሪ አልኳት። ዕድሉ ሲመጣልሽ አታሳልፊው፤ ቦታሽን የሚተካ ሰው መቅጠር የአንቺ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ ነው። እስከዚያ ግን ነገ ፕራክቲስ የምትወጪበት ክፍል ገብተሽ መገላበጥ የማይችሉት ስንት እንደሆኑ ቁጠሪ፤ ለእያንዳንዳቸው በየትኛው ሰዓት በየትኛው ጎን እንደተኙ የሚጻፍበት አንድ ወረቀት አዘጋጅተሽ አልጋቸው እግር ሥር እሰሪ። እስክሪብቶም በክር አንጠልጥዪበት፤ አለዚያ ይጠፋል።